የሚቀዘቅዝ ውሃ፣ የሚጎድል ሮቶ፦ ለውጥን በሒሳብ ሞዴል ስለማስተማር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ አካባቢ ከሚያስተምሩ ባልደረቦቼ፣ ከወላጆችና ከተማሪዎቼ ሁሌ የሚደጋገሙብኝ ጥያቄዎች ናቸው።

ሒሳባዊ ሞዴል ሲባል ምን ማለት ነው?

በዙሪያችን ያለው ነገር ሁሉ ይለወጣል። ሻማ ያጥራል፣ ሮቶ ይጎድላል፣ የስልክ ባትሪ ያልቃል፣ ትናንት ሜዳ የነበረው ሰፈር በሰው ይሞላል። "ይሄ ነገር የሚለወጠው እንዴት ነው? በየደቂቃው ስንት ይጨምራል፣ ስንት ይቀንሳል?" ብለን ጠይቀን መልሱን በሒሳብ ስንጽፈው ሞዴል ሠራን እንላለን። ቀመር ሊሆን ይችላል፣ ሠንጠረዥም ሊሆን ይችላል። በቾክ የተሰመረ ግራፍም ሞዴል ነው።

ሞዴል ብዙ ነገር ሆን ብሎ ይተዋል። "ሻማው በደቂቃ ይህን ያህል ያጥራል" ስንል ንፋሱን ትተናል፣ የክሩን ውፍረትም ትተናል። ተማሪው ምን እንደተወ እንዲናገር ማድረግ አለብን። እኔ ሁሌም ከቀመሩ ሥር "የተውነው" የሚል መስመር አስጽፋለሁ።

ከመጽሐፉ "ወርድ ፕሮብሌም" በምን ይለያል?

ወርድ ፕሮብሌም ላይ ቁጥሩ ተዘጋጅቶ ይመጣል። "ታንከሩ በደቂቃ 15 ሊትር ይሞላል" ይላል። የተማሪው ሥራ የትኛው ቀመር ውስጥ እንደሚከተው መፈለግ ብቻ ነው። ሞዴል ሲሠራ ግን 15ቱን የሚሰጠው የለም። ጀሪካን ይዞ ቧንቧው ሥር ይቆማል፣ ሰዓት ይይዛል። አንዴ 14 ይመጣለታል፣ አንዴ 16፣ ጎረቤት ቧንቧ ሲከፍት ደግሞ 9።

ያኔ "ቲቸር፣ የቱን ልውሰድ?" ይላል። ይህ ጥያቄ ሲመጣ ደስ ይለኛል፤ መልሱን ግን ወዲያው አልነግረውም።

ምን ዕቃ ያስፈልጋል? እኛ ጋ ያለው አንድ ፕሮጀክተር ብቻ ነው።

አንድ ላፕቶፕ፣ ያው ፕሮጀክተርና የመምህሩ ስልክ ከበቂ በላይ ናቸው። ላፕቶፑ ላይ ጂኦጀብራ ይጫን። ማርኩስ ሆኸንዋርተር የተባለ ኦስትሪያዊ በሳልዝበርግ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እያለ እ.ኤ.አ. በ2001 የጀመረው ፕሮግራም ነው። ለትምህርት በነፃ ነው፣ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ለሠንጠረዥ ኤክሴል ወይም ነፃውን ሊብሬኦፊስ መጠቀም ይቻላል። ስልኩ ላይ ደግሞ ፋይፎክስ የሚባል ነፃ መተግበሪያ አለ። የጀርመኑ አኸን ዩኒቨርሲቲ የሠራው ነው፤ ስልኩ ውስጥ ያሉትን መለኪያዎች ያወጣላችኋል።

የቀረው ከሱቅ ነው፦ ባዶ ሃይላንድ፣ ማስመሪያ፣ ቀጭን ሻማ። ቴርሞሜትር ከላብ ትዋሳላችሁ። ፕሮጀክተሩም ከሌለ ስኩዌር ወረቀት ይበቃል። የመጀመሪያው ዓመት ሙከራዬ በሙሉ በወረቀት ነበር፤ ስልኩ ያገለገለው ለሰዓትነት ብቻ ነው።

ስልክ ግቢ ውስጥ ማስገባት ክልክል ነው። ምን ይሻላል?

ከርዕሰ መምህሩ ጋር አትጣሉ። የእናንተ አንድ ስልክ ይበቃል። ተማሪዎቹ ደግሞ ቤታቸው የለኩትን በደብተር ይዘው ይምጡ። የስልክ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ በየ10 ደቂቃው ስንት ፐርሰንት እንደሆነ መመዝገብ ማንም ይችላል። ለረጅም ጊዜ ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ መጨረሻ ላይ፣ 80 ካለፈ በኋላ፣ ይለግማል። "ለምን አንድ መስመር አልበቃም?" የሚለው ክርክር ከዚያ ይነሳል።

እውነቱን ለመናገር ክልከላው ጠቅሞኛል። ስድስት ልጆች አንድ ወረቀት ላይ ሲያቀረቅሩ ይከራከራሉ። ስድስት ስልክ ላይ ሲያቀረቅሩ ግን ድምፃቸውም አይሰማ።

መብራት ቢሄድስ?

ይሄዳል እንጂ! ላፕቶፑ ቻርጅ ይደረግ፣ ልኬቱ ሁሌ መጀመሪያ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። ሰሌዳ ባትሪ አይጨርስም። የሻማውን ሙከራ ደግሞ ለዚያ ቀን አስቀምጡት።

የመጀመሪያው ትምህርት በምን ይጀመር?

በሻማ። ቀጭኑን ግዙ፤ ወፍራሙ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ውስጥ እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አያሳይም። ጧፍ ከሁሉም ይፈጥናል፣ ግን እየተጣመመ ያስቸግራል። መስኮት ይዘጋ። ማስመሪያውን ከሻማው ጎን አቁሙና ከመለኮሳችሁ በፊት እያንዳንዱ ተማሪ "ከ10 ደቂቃ በኋላ ስንት ሴንቲሜትር ይሆናል?" ለሚለው ግምቱን ይጻፍ። በእስክሪብቶ፣ የማይፋቅ።

ከዚያ በየሁለት ደቂቃው ይለካ። ነጥቦቹ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ይደረደራሉ። መስመሩ ወደ ታች ያዘነብላል፤ ስሎፑ በደቂቃ የሚጠፋው ሴንቲሜትር ነው። መስመሩ የጊዜውን አክሲስ የሚነካበት ቦታ ሻማው የሚያልቅበት ደቂቃ ነው። አንዲት ተማሪ ስሎፕን ሁለት ዓመት ስታሰላ ኖራ "ቲቸር፣ ስሎፕ ማለት ይሄ ነው እንዴ?" ብላኛለች። ትንሽ አሳፈረኝ፤ ሁለቱንም ዓመት ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ስልኬ የሻዩን ሙቀት ይለካልኛል?

አይለካም። "ቴርሞሜትር" የሚል መተግበሪያ ብታወርዱ የሚያሳያችሁ ወይ የባትሪውን ሙቀት ወይ የከተማውን የአየር ሁኔታ ነው። የላቡን ቴርሞሜትር ተጠቀሙ፤ ስልኩ ቴርሞሜትሩን ይቅረጽላችሁ።

ስልኩ በትክክል የሚለካቸው ድምፅ፣ ብርሃን፣ የእንቅስቃሴ ለውጥ፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ የአየር ግፊት ናቸው። ግፊት የሚለካ ስልክ ያለው ሰው የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ እስከ አራተኛ ፎቅ ይውጣ። ወደ 1 ሄክቶፓስካል ገደማ ሲቀንስ ያያል። ለአንድ ከሰዓት በኋላ ጨዋታ ጥሩ ነው።

የሚቀዘቅዝ ውሃን በክፍል እንዴት ላስተምር?

ይህ የምወደው ትምህርት ስለሆነ ትንሽ ብረዝም ይቅር በሉኝ። ቡና ማባከን ያንገበግባል፣ የፈላ ውሃ በፔርሙዝ ይዛችሁ ግቡ። ብርጭቆ ላይ ቅዱ፣ ቴርሞሜትሩን ክተቱ። ከመለካታችሁ በፊት ግን ይህን ጠይቁ፦ "80 ዲግሪ የነበረ ሻይ በ10 ደቂቃ 60 ሆነ። ከተቀዳ በ40 ደቂቃውስ?"

አብዛኛው ክፍል በየ10 ደቂቃው 20 ይቀንሳል። 60፣ 40፣ 20፣ ዜሮ። ሰሌዳው ላይ ዜሮውን ጻፉና ዝም በሉ። ከኋላ አንዱ ይስቃል። "ቲቸር፣ ሻዩ በረዶ ሠራ?" የጠበቃችሁት እሱን ነው። ክፍሉ 20 ዲግሪ ሆኖ ሻዩ እንዴት ከክፍሉ በታች ይወርዳል? እንግዲህ የሚቀንሰው ነገር ሙቀቱ ራሱ ሳይሆን በሻዩና በክፍሉ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ልዩነቱ 60 ነበር፣ 40 ሆነ። ሁለት ሦስተኛው ቀረ ማለት ነው። በሚቀጥለው 10 ደቂቃም ሁለት ሦስተኛው ይቅር፤ 26.7 ይሆናል። ክፍሉን 20 ስንደምርበት ሻዩ 46.7 ነው። በቀጣዩ 37.8። በ40ኛው ደቂቃ 32 ገደማ። ለብ ያለ ሻይ፣ ሁላችንም የምናውቀው። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1701 ያሳተመው የቅዝቃዜ ሕግ ይኸው ነው፦ የመቀዝቀዝ ፍጥነቱ ከልዩነቱ ጋር ይመጣጠናል።

አሁን ቴክኖሎጂው ይግባ። የራሳችሁን ልኬት ጂኦጀብራ ላይ በነጥብ አስቀምጡ። ስላይደር (እየተጎተተ ቁጥር የሚቀይር መስመር) ሠርታችሁ "በ10 ደቂቃ ስንት እጅ ይቀራል?" የሚለውን ቁጥር ከ0.5 እስከ 0.9 አስኪዱት። ስላይደሩን ተማሪ ያንቀሳቅስ፣ ክፍሉ "ጨምር! ቀንስ!" ይበል። ኩርባው ነጥቦቹ ላይ ሲያርፍ ቁጥሩን ያገኙት ልጆቹ ናቸው። በሁለተኛው ቀን ብርጭቆውን በሰሃን ክደኑት። ውሃውን ከመቅዳታችሁ በፊት "ቁጥሩ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሳቸው እንደሚለያይ ዋስ እሆናለሁ።

ኤክሴል ላይ "ኤክስፖኔንሻል" ብዬ መረጥኩ፣ ኩርባው ግን አልገጠመም። ለምን?

ኤክስፖኔንሻል ማለት በየጊዜው ከቀረው ላይ እኩል እጅ የሚቀንስ ነው፤ ኤክሴል የሚያውቀው ግን ወደ ዜሮ የሚወርደውን ነው። ሻዩ ግን የሚወርደው ወደ ክፍሉ ሙቀት ነው። መጀመሪያ ከእያንዳንዱ ልኬት ላይ የክፍሉን ሙቀት ቀንሱ፣ ልዩነቱን በሌላ አምድ አስቀምጡ፣ ኩርባውን ለዚያ አምድ አስሉ። ጂኦጀብራም ላይ ያው ነው። የክፍሉን ሙቀት ሳይለኩ የጀመሩ ሰዎች እዚህ ላይ ይቆማሉ።

ሌላው ወጥመድ የግራፉ ዓይነት ነው። "ላይን" የሚባለውን ከመረጣችሁ ኤክሴል ደቂቃዎቹን እንደ ስም ነው የሚያያቸው። 0፣ 2፣ 5፣ 15 ደቂቃ ላይ ብትለኩ እኩል አራርቆ ይደረድራቸዋል፣ መስመሩንም 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብሎ ያሰላል። ሁሌ "ስካተር" የሚለውን ምረጡ። በዚህ ጉዳይ ስንት ሰው እንደተቸገረ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሮቶው የሚጎድልበትን መንገድ እንዴት እናሳይ?

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶ ላይ ወጥቶ ደረጃውን ያላየ ልጅ የለም። ግን ሮቶ ክፍል ውስጥ አይገባም፣ ሃይላንድ ይተካዋል። መሃሉ ቀጥ ያለ ባለ 2 ሊትር ምረጡ። በጋለ ሚስማር ከሥር አካባቢ ትንሽ ቀዳዳ አብጁለት፣ በፕላስተር ድፈኑት። ከቀዳዳው ጀምሮ በሴንቲሜትር የተመተረ ወረቀት ለጥፉበት። ውሃው ላይ ትንሽ ሰማያዊ ቀለም ጠብ ብታደርጉበት በቪዲዮ ይለያል። ስልኩን መጻሕፍት ላይ አስደግፉ፣ ባልዲ ከሥር፣ ፕላስተሩን ንቀሉ። ክዳኑን መክፈት እንዳትረሱ። እኔ ረስቼ ውሃው ትንሽ ፈስሶ ቀጥ ሲል ክፍሉ "ቲቸር፣ ሞዴሉ ቆመ" ብሎ ሳቀብኝ።

ቪዲዮውን ፕሮጀክተር ላይ በየ10 ሰከንዱ እያቆማችሁ ደረጃውን አንብቡ። ጥሩ ሲሄድ የምታዩት ቅርጽ እንዲህ ያለ ነው፦ 25፣ 16፣ 9፣ 4፣ 1። አይታችሁታል? 5 በ5፣ 4 በ4፣ 3 በ3። የእናንተ ቁጥሮች እንዲህ ተስተካክለው አይመጡም፣ ነገር ግን የከፍታውን ስኩዌር ሩት ብታወጡ በእኩል እርምጃ ሲቀንስ ታገኙታላችሁ። የቀነሰውን ብቻ ብትጽፉ ደግሞ 9፣ 7፣ 5፣ 3 ይመጣል። ውሃው ከላይ ሲጫነው በኃይል ይወጣል፣ ሲቀንስ ግፊቱ ይደክማል። ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ እ.ኤ.አ. በ1644 ያሳተመው ነው። ኳድራቲክ ፈንክሽንን ከሚወረወር ድንጋይ ውጪ የትም አይተውት ለማያውቁ ልጆች ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

መጨረሻ ላይ ውሃው መንጠባጠብ ይጀምራል፣ ሞዴሉም ይሳሳታል። እዚያ ቦታ ላይ ቪዲዮውን አትቁረጡት።

60 ተማሪ ባለበት ክፍል ይሄ ይሆናል?

ይሆናል፣ ግን ጫጫታ አለው። አንድ ሙከራ ከፊት፣ አሥር ቡድን ከኋላ። አንዱ ሰዓት ይጠራል፣ አንዱ ያነባል፣ ሌላው ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ የቀረው ነጥብ ያስቀምጣል። በሚቀጥለው ቀን ተራው ይዞር፤ አለበለዚያ ሁሌ የሚለኩት ፊት የሚቀመጡት ጎበዞች ይሆናሉ።

በምን ቋንቋ ይማሩ? መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው።

ቃሉ እንግሊዝኛ፣ ክርክሩ አማርኛ ይሁን። "ኤክስፖኔንሻል ዲኬይ" የሚለውን መጽሐፉ ላይ ያገኙታል፣ ፈተናም ላይ ይመጣል። "በየጊዜው ከቀረው ላይ እኩል እጅ እየተቀነሰ ነው" የሚለውን ግን በአፋቸው ካልተናገሩት አልገባቸውም። ኦሮምኛ ለሚቀናቸው ቡድኖችም ያው ነው፤ እርስ በርስ በሚግባቡበት ይጨቃጨቁ፣ ሲያቀርቡ ለሁላችንም ይንገሩን።

ሶፍትዌሩ ሁሉን ከሠራው ተማሪው ምን ተማረ?

የወላጆች ጥያቄ ነው፣ ተገቢም ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሰው ፕላዝማን ያስታውሳል። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፣ ስክሪኑ ላይ ያለው አስተማሪ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይሰጣል፣ መልሱን ራሱ ይነግራል። ገባችሁም አልገባችሁም ይቀጥላል። የክፍሉ መምህር ሊያቆመው አይችልም ነበር። የኔ ትልቁ ፍርሃት ጂኦጀብራም ትንሽ ፕላዝማ እንዳይሆን ነው፦ ቁልፍ ተጫን፣ ቀመር መጣ፣ ጻፍ፣ ቀጥል።

ስለዚህ አንድ ሕግ አለኝ። ግምት በእስክሪብቶ ሳይጻፍ ላፕቶፑ አይከፈትም። ተማሪው "ቀጥ ያለ መስመር ነው" ብሎ ፈርሞ ኩርባ ሲመጣበት ለምን እንደተሳሳተ መጠየቁ አይቀርም። ግምት የሌለው ልጅ ግን የሚመጣለትን ሁሉ "እሺ" ይላል። ቻትጂፒቲን ለሚጠይቁትም መልሴ ያው ነው። ቀመሩን ይንገራቸው፣ ሃይላንዱን ግን እሱ አልበሳውም።

አር ስኩዌር 0.97 መጣ። ሞዴሉ ልክ ነው ማለት ነው?

አይደለም። አር ስኩዌር መስመሩ ለነጥቦቹ ምን ያህል እንደቀረበ የሚናገር ቁጥር ነው፤ 1 ከሆነ በሁሉም ነጥብ አለፈ ማለት ነው። የሻዩን ቁጥሮች ውሰዱ፦ በዜሮ፣ 10፣ 20 እና 30 ደቂቃ 80፣ 60፣ 46.7፣ 37.8። ኤክሴል ላይ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩባቸው። አር ስኩዌሩ 0.97 ገደማ ይመጣል። ተማሪው ደስ ብሎት ይጨርሳል። ያው መስመር ግን በ50ኛው ደቂቃ ሻዩ 7 ዲግሪ ነው ይላል፣ 20 ዲግሪ ክፍል ውስጥ።

መፍትሔው ነጥቦቹ ከመስመሩ ምን ያህል እንደራቁ ማየት ነው። እዚህ የመጀመሪያው ነጥብ 2.9 ከላይ ነው፣ ሁለተኛው 3.1 ከታች፣ ሦስተኛው 2.4 ከታች፣ አራተኛው 2.7 ከላይ። ላይ፣ ታች፣ ታች፣ ላይ። የመለካት ስህተት ቢሆን ኖሮ እንዲህ በሥርዓት አይሰለፍም ነበር። ነጥቦቹ "መስመሩን ጎበጥ አድርጉት" እያሏችሁ ነው። በተቃራኒው ደግሞ ዲግሪው ከፍ ያለ ፖሊኖሚያል መርጦ በሁሉም ነጥብ የሚያሳልፍ ጎበዝ አይጠፋም። አር ስኩዌሩ 1 ይሆናል። ለሚቀጥለው ሰዓት ትንበያ ጠይቁት፣ ወይ ሰማይ ይወጣል ወይ መሬት ይሰነጥቃል።

ቀመር የሌለው ለውጥስ? ለምሳሌ የታክሲ ሰልፍ?

ቀመር ባይኖርም ደንብ አለው፦ "የሚቀጥለው = ያሁኑ + የመጣው − የሄደው"። ጠዋት 12፡30 ላይ 20 ሰው ተሰልፏል እንበል። በደቂቃ 5 ሰው ይመጣል፣ በየ3 ደቂቃው አንድ ሚኒባስ 12 ሰው ይጭናል። በ3 ደቂቃ 15 መጣ፣ 12 ሄደ፣ ሰልፉ በ3 ጨመረ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ 50 ሰው ነው። አሁን ታክሲው በየ2 ደቂቃው ቢመጣስ? 10 ይመጣል፣ 12 ይሄዳል፤ ሰልፉ በ20 ደቂቃ ያልቃል። የአንድ ደቂቃ ልዩነት ነው። ኤክሴል ላይ አንድ ሕዋስ ጽፎ ወደ ታች መጎተት ነው፤ ልጆቹ ቁጥሩን እየቀየሩ ሲጫወቱበት ክፍለ ጊዜው ያልቅባቸዋል።

ወደ ታች ስትጎትቱት ሰልፉ ካለቀ በኋላ −2፣ −4 ሰው ይላል። አትደብቁት። "አራት ሰው ሲጎድል ምን ማለት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። አንዱ ቡድን "ባዶ የሄደ ወንበር ነው" ብሎ መለሰ። እኔ "ከዜሮ በታች አይውረድ" የሚል ደንብ ልጨምር ነበር፣ ከእነሱ መልስ በኋላ ግን ተውኩት። ሰልፉ ሲረዝም ተስፋ ቆርጦ በእግሩ የሚሄድ ሰው አለ፣ አንዴ መጥቶ ብዙ የሚያፍስ አውቶቡስም አለ። እነሱን መጨመር የቤት ሥራ ይሁን።

የአዲስ አበባን ሕዝብ ሞዴል ስንሠራ ሦስት ቡድን ሦስት የተለያየ ዕድገት አገኘ። የቱ ልክ ነው?

ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣል፣ ጥፋተኛውም የዘመን አቆጣጠራችን ነው። ቆጠራው በ1987 ዓ.ም. 2,112,737፣ በ1999 ዓ.ም. 2,739,551 ነው። በእኛ አቆጣጠር ሲቀነስ 12 ዓመት ይሆናል፣ ዕድገቱም በዓመት 2.2 ፐርሰንት ገደማ። ከኢንተርኔት የወሰደው ቡድን 1994 እና 2007 አግኝቶ 13 ዓመት ይላል፤ እሱ ጋ 2.0 ነው። ሦስተኛው ቡድን ቀኑን ፈለገ። አንደኛው ቆጠራ በጥቅምት 1987፣ ሁለተኛው በግንቦት 1999 ነው፤ መሃሉ 12 ዓመት ከ7 ወር ገደማ። የእሱ 2.1 ነው፣ ማርኩንም የወሰደው እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ወደ ፊት መተንበይ ሌላ ጣጣ አለው። ለገጣፎ ወይም ቡራዩ የሚያድር ሰው በአዲስ አበባ ቁጥር ውስጥ የለም፤ ጠዋት ግን ከተማው ውስጥ ነው። ሞዴሉ ከመሠራቱ በፊት "የማንን ሕዝብ ነው የምንቆጥረው?" መባል አለበት። የእኛ ተማሪዎች ድንበሩ አጠገብ ስለሚኖሩ ይህን ለማስረዳት ብዙ አያደክሙም።

ሰዓትም ያው ችግር አለው። አንድ ጊዜ የሚቀዘቅዝ ውሃ ግራፍ ወደ ኋላ ሄደ። ለካ አንዱ ልጅ በራሱ ሰዓት 8፡10 ብሎ ጀምሮ፣ ተረካቢው ከስልኩ ላይ 2፡20 ብሎ ቀጥሏል። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰዓት አይጻፍም፣ "ከጀመርን ስንት ደቂቃ" ብቻ ነው።

ለ12ኛ ክፍል ፈተና ይጠቅማል ወይስ ጊዜ ማባከን ነው?

ፈተናው ምርጫ ነው፤ ሃይላንድ ብሳ የሚል ጥያቄ አይመጣም። በየሳምንቱ ሙከራ አድርጉ አልልም፣ ምዕራፉ ሳያልቅ ዓመቱ ያልቃል። በሴሚስተር ሦስት ይበቃል፦ አንድ ቀጥ ያለ፣ አንድ ኤክስፖኔንሻል፣ አንድ ኳድራቲክ። ጥቅሙ ካልኩለስ ላይ ይታያል። "ዴሪቬቲቭ" (የለውጥ ፍጥነት) ሲባል በሃይላንዱ 9፣ 7፣ 5፣ 3ን ያየ ልጅ የሚይዘው ነገር አለው።

ማርክ እንዴት ልስጥ?

ለትክክለኛ መልስ ትንሽ፣ ለግምቱና ግምቱ ለምን እንደሳተ ለሚሰጠው ማብራሪያ ብዙ። የሁለት ቡድን ልኬት እስከ ነጥቧ ድረስ አንድ ከሆነ አንዱ ኮርጇል። ሁሉም ነጥብ መስመሩ ላይ ከዋለ ደግሞ ጭራሽ አልለኩም።

ውሃው 92 ዲግሪ ላይ ፈላ። ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል?

አልተበላሸም። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ከፍ ባልን ቁጥር የአየር ግፊቱ ይቀንሳል፣ ውሃም ቶሎ ይፈላል። በየ300 ሜትሩ ወደ 1 ዲግሪ ይቀንሳል ብላችሁ ብትሠሩ 92 ላይ ትደርሳላችሁ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሞዴሉ 96 ይላል። እዚያ ዘመድ ያለው ተማሪ ደውሎ ማስለካት ይችላል።

እኔ ይህን ሳላስብ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ደህናውን ቴርሞሜትር ሳጥን ውስጥ አስቀምጬ ሌላ ስለምን ነበር። መጽሐፉ 100 ይላላ! ያስወጣችው የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ሦስት ቴርሞሜትር አንድ ድስት ውስጥ ከትታ ሦስቱም 92 ሲሉ "ሦስቱም አንድ ላይ ተበላሹ?" አለችኝ። ቴርሞሜትሩ አሁን በሥራ ላይ ነው። ሳጥኑ ላይ ግን በእጄ የጻፍኩት "የተበላሸ" የሚለው ወረቀት እስካሁን አልተነሳም፤ የላብ ቴክኒሻኑ ሆን ብሎ ነው የተወው መሰለኝ።